ዓሣን መብላት በብልሃት፣ መቁጠር በትምህርት

ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ወጣቶች የትምህርት ክፍል ምርጫቸውን ሲሞሉ የዓሣ ሥነ ሕይወትንና የዓሣ ሀብት ሳይንስን በመጀመሪያው ተራ ላይ የሚያሰፍሩት ጥቂቶች ናቸው። ሕክምናው፣ ምህንድስናውና ኮምፒዩተር ሳይንሱ ይቀድማሉ፤ የዓሣ ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ የምርጫ ሳይሆን የምደባ ዕጣ ሆኖ ይደርሳል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው። «የባሕር በር ለሌላት አገር የዓሣ ምሁር ምን ይሠራላታል? ዓሣ ማጥመዱም ቢሆን ያለ ዲግሪ ሲሠራበት የኖረ ሙያ ነው» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የዚህ አስተያየት መነሻ የተሳሳተ መሆኑን ነው። የዓሣ ሀብት ሳይንስ ዓሣ የማጥመድ ትምህርት አይደለም፤ የማይታይን ሀብት የመቁጠር ትምህርት ነው። ቆጣሪ የሌለው ሀብት ደግሞ መጉደሉ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

የደን ባለሙያ ዛፎቹን እየተዘዋወረ ይቆጥራል፤ አርብቶ አደሩም ከብቶቹን በበረቱ በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ውኃ ግን የያዘውን አያሳይም። ስለዚህ የዓሣ ተመራማሪ ያየውን ጥቂት ናሙና ይዞ ስላላየው ብዙ ነገር የመናገር ግዴታ አለበት። ናሙናውም ቢሆን ፍጹም ታማኝ አይደለም። በውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚዘረጋው መረብ ዓሣን የሚይዘው በስንጥቡ በኩል ነው፤ ከመረቡ ዐይን የሚያንሰው ሾልኮ ያልፋል፤ እጅግ የሚበልጠውም ጭንቅላቱን ማስገባት ስለማይችል ይመለሳል። በመሆኑም አንድ ዓይነት መረብ ብቻ የዘረጋ ሰው የሚለካው ሐይቁን ሳይሆን የራሱን መረብ ነው። ይህን መዛባት ለማረም ልዩ ልዩ የዐይን ስፋት ያላቸውን መረቦች ጎን ለጎን መዘርጋት፣ የእያንዳንዱን ዓሣ ርዝመትና ክብደት መለካት፣ ሆዱን ከፍቶ የእንቁላሉን የዕድገት ደረጃ መመዝገብ፣ ዕድሜውን መለየት፣ ከዚያም ይህን ሁሉ በሒሳብ ቀመር ማያያዝ ያስፈልጋል። ሥነ ሕይወት፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና ሕግ በአንድነት የሚገናኙበት ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቆጠራው በጎደለበት ቦታ ምን እንደሚተካው ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአገራችን ውኆች በዓመት ሊሰጡ የሚችሉት የዓሣ ምርት 51 ሺህ ቶን ገደማ ነው ሲባል ለብዙ ጊዜ ቆይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ግምቱን ወደ 94 ሺህ ቶን ከፍ አደረገው። በሁለቱ ግምቶች መካከል ዓሣው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት አይደለም፤ የተለወጠው ስሌቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ግምቶች በአመዛኙ የሚገኙት ከሐይቆች ስፋትና በሌሎች ውኆች ላይ ከታየው የምርት መጠን ተነሥቶ በማስላት እንጂ በየሐይቁ የሚኖረውን ዓሣ በማጥናት አይደለም። ታዲያ ለጀልባና ለመረብ መግዣ ብድር የሚፈቅድ ባንክ ወይም የልማት ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን ይዞ ይነሣ?

ጣና ሐይቅ የዚህን ትምህርት አስፈላጊነት ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል። ከሐይቁ በሚወጣው ዓባይ ላይ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከታች ያሉ ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ ያግዳል። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ተነጥለው ኖረዋል። በአካባቢው ነጭ ዓሣ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ ቢልጫ የሚባሉትን ትልልቅ ዓሦች ተመራማሪው ኪት ባኒስተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በአመዛኙ በአንድ ዝርያ ሥር ጠቅልሏቸው ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ሊዮ ናግልከርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የአፋቸውን ቅርጽ፣ ምግባቸውንና የሚኖሩበትን የውኃ ክፍል ለይተው ሲያጠኑ በጣና ብቻ 15 ዝርያዎች መኖራቸውን አሳዩ። ከእነዚህ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በመንጋጋው ላይ ጥርስ በሌለው በካርፕ ቤተሰብ ዘንድ እንግዳ ነገር ነው።

በዓለም ላይ ከዚህ ጋር ተወዳዳሪ የነበረው የካርፕ ቤተሰብ ስብስብ በፊሊፒንስ ላናው ሐይቅ ይኖር ነበር። ከሌላ ቦታ የመጡ ዓሦችና ከመጠን ያለፈ ማጥመድ ተባብረው አጠፉት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2020 እ.ኤ.አ. ከዚያ ሐይቅ ብርቅዬ ዓሦች 15ቱ ከምድረ ገጽ መጥፋታቸውን ይፋ አድርጓል። ጣና የቀረው ብቸኛ ነው። ገበያውና የምርት መዝገቡ ግን እስካሁን 15ቱን ዝርያዎች በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ በመዝገቡ ላይ የሚጎድል መስመር አይኖርም፤ በስሙ ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ የሚጠይቅለት የለምና።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ጠጠር ባለበትና ኦክስጅን ባልጎደለው ወራጅ ውኃም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከጉዞው አስቀድሞ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ዓሣ አስጋሪው በደንገል ታንኳ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ በሚሠራበት ዘመን ይህ መሰባሰብ ከባድ አደጋ አላስከተለባቸውም። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በጣና ላይ ሥራ ሲጀምሩ ሁኔታው ተለወጠ። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በ75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አስጋሪው በነሐሴና በመስከረም ከወንዙ አፍ መረቡን ሲያወጣ ሞልቶ ያገኘዋል። መረቡ «ሐይቁ ሙሉ ነው» ይለዋል፤ እውነታው ግን ከሰፊው ሐይቅ የተጠራቀሙት እናቶች እንቁላላቸውን ሳይጥሉ በአንድ ቦታ እየተለቀሙ መሆናቸው ነው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የባሕር ጠረፍ ኮድ የተባለው ዓሣ እየቀነሰ በሄደባቸው ዓመታት የቀረው ዓሣ በጥቂት ቦታዎች ተሰባስቦ ስለነበር የትልልቆቹ መርከቦች መረብ ባዶውን አልወጣም፤ በመርከቦቹ ምርት ላይ የተመሠረተው ግምትም ከእውነታው በእጅጉ ይበልጥ ነበር። በሐምሌ 1992 እ.ኤ.አ. መንግሥት ማጥመዱን ለማገድ ሲገደድ 30 ሺህ ያህል ሰዎች ሥራቸውን አጡ። እገዳው የተነሣው ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ያህል ገንዘብና መሣሪያ ያለው አገር በተሳሳተ ቆጠራ እንዲህ ከተጎዳ፣ ጨርሶ የማይቆጥር አገር ምን ይጠብቀዋል?

አንዳንዶች «ዕውቀቱን ከሌሎች መቅዳት እንችላለን» ይሉ ይሆናል። መሠረተ ሐሳቡን እንቀዳለን፤ ልኩን ግን አንችልም። በቀዝቃዛ አገሮች የዓሣ ዕድገት በብርዱ ወራት ስለሚገታ በጆሮው ውስጥ ባለችው ድንጋይ መሰል አካል ላይ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይቀራል፤ ቀለበቶቹን የቆጠረ ዕድሜውን ያውቃል። በእኛ ሐይቆች ግን እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ቀለበቱ ከዝናቡ፣ ከምግቡ ወይም ከመራቢያው ወቅት ጋር ሊያያዝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ሊፈጠር ይችላል። የአንድ ዓመት ዓሣ የሁለት ዓመት ነው ተብሎ ከተመዘገበ የዕድገቱ ፍጥነት፣ የሞት መጠኑና ሊጠመድ የሚገባው ብዛት ሁሉ ተያይዘው ይሳሳታሉ። የዚህን ቀለበት ትርጉም የሚያጣራልን እዚሁ ሐይቅ ዳር ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው።

«ተምሬ የት እሠራለሁ?» የሚለው የተማሪዎች ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ በማባበል ሊመለስም አይገባውም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ዓሣ የእንስሳት ሀብት ጭራ ሆኖ ኖሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. በስሙ ዓሣን የጠራ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ሚኒስቴር ቢቋቋምም በ2018 እ.ኤ.አ. መልሶ ከግብርናው ጋር ተዋሕዷል። እንደ ሰበታውና እንደ ባቱው ያሉ የምርምር ማዕከላትም ሊቀጥሩ የሚችሉት የተወሰነ ሰው ነው። ሆኖም የዓለም ሕዝብ በነፍስ ወከፍ በዓመት 20 ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ሲመገብ የእኛ ድርሻ 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህ ክፍተት በሐይቆቻችን ብቻ ሊሞላ አይችልም፤ ዓሣን በኩሬ ማርባት፣ ጫጩት ማፍላት፣ መኖ ማዘጋጀትና በሽታ መከላከል ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ የሠለጠነ ሰው የሚሹ፣ ገና በቅጡ ያልተያዙ ሥራዎች ናቸው።

ዩኒቨርሲቲዎችም የድርሻቸውን መወጣት አለባቸው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለት የመጻሕፍት ወይም የማይክሮስኮፕ እጥረት ሳይሆን የተከታታይነት እጦት ነው። እንደ ተስፋዬ ውድነህና እሸቴ ደጀን ያሉ ኢትዮጵያውያን ምሁራን በጣና ላይ ለዶክትሬት ማዕረግ ያበቃቸውን ጥልቅ ጥናት አድርገዋል። ይሁን እንጂ ጥናት ከፕሮጀክት ገንዘብ ጋር ሲያያዝ ገንዘቡ ሲያልቅ መለኪያውም ይቆማል፤ ቀጣዩ ተማሪ በሌላ ርእስ፣ በሌላ መረብ፣ በሌላ ወር እንደ አዲስ ይጀምራል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጣና፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሐዋሳ ሐይቅ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አባያና ጫሞ በቅርባቸው አሉላቸው። እያንዳንዳቸው በሐይቁ ላይ ቋሚ ቦታዎችን መርጠው፣ በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ በማይለወጡ መረቦች ተማሪዎቻቸውን ቢያሰማሩና አንዱ ዓመት ለሚቀጥለው መዝገቡን ቢያስረክብ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ማንኛውም የአጭር ጊዜ ፕሮጀክት ሊያስገኘው የማይችለው ሀብት ይኖረናል። ተማሪውም ሳይንስን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በእጁ ይዞት ይማራል።

ሕጉም ቢሆን የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ነገር ግን የመረቡ ዐይን ምን ያህል ይስፋ፣ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር ይዘጋ የሚለውን አዋጅ በራሱ አያውቀውም፤ ከጥናት ነው የሚቀበለው። በልኬት ያልተደገፈ ክልከላ አስጋሪውን ከማስራብ በቀር ዓሣውን ላያድን ይችላል።

ሐይቁ ደግሞ ተመራማሪ እስኪያገኝ ቆሞ አይጠብቅም። እንቁላል ወደሚጣልበት ወደ ርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እምቦጭ የጣናን ዳርቻ እየሸፈነ፣ ቆሮሶ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ውኃ እየተሻማ ነው። ከ15ቱ ዝርያዎች ስንቶቹ ዛሬም ወደ ርብ ይወጣሉ? ከእምቦጩ ሥር የሚፈለፈለው ዓሣ ምን ያህሉ ለአቅመ መራባት ይደርሳል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያስፈልጉት ጀልባ፣ መረብ፣ ሚዛን፣ መዝገብና የተማረ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በገንዘብ ይገዛሉ። አምስተኛውን የምትሆኑት ግን ይህን መጽሔት ከምታነቡት ተማሪዎች መካከል ትምህርቱን ዕጣ ደርሷችሁ ሳይሆን ወድዳችሁ የምትመርጡት ናችሁ።