የሕፃናት መምህራን ሥልጠና የነዋሪውም ጉዳይ ነው

በቀበሌ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የመዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በሚቆጠርና በሚታይ ነገር ላይ ነው። ስንት ክፍል ተሠራ? ስንት ቆርቆሮ ጎደለ? አጥሩ ታጠረ ወይስ አልታጠረም? ለወንበርና ለጠረጴዛ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ምን ያህል ይዋጣ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሕፃናትን ሰብስቦ ማስተማር አይቻልምና። ይሁን እንጂ ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ፣ ማለትም በእነዚያ ሕፃናት ፊት የምትቆመው መምህርት ለዚህ ሥራ ምን ሥልጠና አግኝታለች፣ ሥልጠናዋስ ሥራ ከጀመረች በኋላ ቀጥሏል ወይ የሚለው፣ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው አጀንዳ ሥር እንኳ ሳይነሣ ስብሰባው ይበተናል።

በእኛ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ለሕፃናት መምህራን የሚሰጠው ሥልጠና በአንድ ወቅት ተጀምሮ በምስክር ወረቀት የሚያበቃ ሳይሆን፣ በሥራ ላይ፣ በልምድ በበሰለ ሰው አጠገብ፣ ከዓመት ወደ ዓመት የሚቀጥል መሆን ይገባዋል። በእርግጥ እየተካሄደ መሆኑን የመጠየቅ መብትም ግዴታም የነዋሪው ነው።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካደራጁት ጊዜ አንሥቶ መምህራን የሚፈሩበት ቦታ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት ተቀምጠው የተማሩት በዚያ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የዚያው ቤት ፍሬ ናቸው። እዚህ ላይ የገዳም ታሪክ ለመተረክ አልተነሣንም። ትኩረታችን አሠራሩ ነው። በዚያ ሥርዓት ማንም ሰው አንድ ሰሞን ተምሮ መምህር አይባልም ነበር። ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ይቀመጣል፤ የተማረውን ደግሞ ከእርሱ በታች ላለው ተማሪ እያስቀጸለ፣ መምህሩ እየሰማው፣ ሲሳሳት እየታረመ ማስተማርን ይለምዳል። በወሎ የቁርአን ቤቶችም እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ደረሳ ሉሑን ይዞ ከትንሹ ጋር ይቀመጣል፣ ሼኩም ሁለቱንም ያዳምጣሉ። ዱላውና ሽምደዳው ይመለስ የሚል ካለ ከእኛ ጋር አይስማማም፤ ሕፃን በፍርሃት የተማረውን በፍርሃት ይዞት ይኖራል። ነገር ግን ማስተማር ራሱ በአስተማሪ ፊት የሚለመድ ሙያ ነው የሚለው ዕውቀት በዚህ ምድር ቢያንስ የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው።

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ግን በዚህ መሠረት ላይ አልቆመም። በአገራችን የመጀመሪያው የተከፈተው በድሬዳዋ ሲሆን፣ እርሱም የምድር ባቡሩን ሐዲድ ለመዘርጋት ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። ከዚያም በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሰዎች ባቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተስፋፋ፤ ተጠቃሚዎቹም የባለሥልጣንና የባለጸጋ ልጆች ነበሩ። ሠርቶ አደሩ ልጁን ለታላቅ እኅቱ ወይም ለጎረቤት ትቶ ነበር ሥራ የሚገባው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. ከተደራጁ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ቀበሌዎች ከገዛ ገቢያቸውና ከነዋሪው መዋጮ መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ብሔራዊ የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቋመ። የዚያ ዘመን ብዙ ነገር ዛሬ በሐዘን የሚታወስ ቢሆንም፣ መዋዕለ ሕፃናት የሰፈር ሰው የጋራ ሥራ መሆኑን ያሳየው ይህ እርምጃ ሊካድ አይገባም። ጉድለቱም በዚያው ታየ፤ ቤቱ በፍጥነት ተከፈተ፣ መምህርቷ ግን በአጭር ሥልጠና ተልካ ብቻዋን ቀረች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናትን ጥቅም ቢያምንም፣ ሥራው በተግባር ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተተወ። የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናትም በየቦታው ተዳከመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ፈጣን ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል» ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 5 ገደማ የነበረው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥቅል ተሳትፎ በ2007 ዓ.ም. ወደ 39 ደረሰ። በአራት ዓመት ከሰባት እጥፍ በላይ ማደጉ ነው። ይህን ቁጥር በደስታ የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ። የሠለጠኑ መምህራንን ቁጥር በአራት ዓመት ሰባት እጥፍ የሚያሳድግ ኮሌጅ በየት አገር አለ? የለም። ስለዚህ ክፍሉ የተሞላው በተገኘው ሰው ነው። አንዳንዱ ጋ ከአንደኛ ክፍል የተዛወረ መምህር ገባ፤ ሌላው ጋ ለጥቂት ቀናት ኦሬንቴሽን የተሰጣት ወጣት ተመደበች። በሌላው ደግሞ «ከልጅ ለልጅ» በሚባለው ዘዴ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እንዲያለማምዱ ተደረገ።

ስለዚህ የመጨረሻው ዘዴ አንድ ቃል እንበል። ዘዴው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ከላይ ያነሣናቸው የፊደልና የቁርአን ቤቶች በእርሱ ኖረዋል። ነገር ግን በእነዚያ ቤቶች ከትልቁ ልጅ ጀርባ መምህሩ ነበር። ከጀርባው ሰው ከሌለ «ከልጅ ለልጅ» ማለት ሕፃንን በሕፃን ማስጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መምህርቷ የምትሠለጥነው ምን ለማወቅ ነው? ብዙ ወላጅ፣ ሠራተኛውም ጭምር፣ የአራት ዓመት ልጅን ማስተማር ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ አይመስለውም። «ሕፃን መያዝ ለሴት ልጅ ማን ያስተምራታል?» ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሁለት ሕፃናት ገበጣ ሲጫወቱ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ሕፃኑ ከጉድጓዱ ያነሣቸውን ጠጠሮች አንድ በአንድ ሲዘራ ይቆጥራል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ሲገምት ደግሞ በልቡ ያሰላል፤ ተራውን ሲጠብቅ ራሱን መግዛት ይለማመዳል። ያልሠለጠነች መምህርት ይህን ስታይ «ጨዋታውን ተዉና ጻፉ» ትላለች። የሠለጠነችው አጠገባቸው ቁጭ ብላ «ከዚህኛው ብታነሣስ የት ትደርሳለህ?» ብላ ትጠይቃለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደግነት ወይም የእናትነት ልዩነት አይደለም። የሙያ ልዩነት ነው። ዕቃ ዕቃ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ቆርኪና የማሽላ ፍሬ መለየት፤ ይህ ሁሉ በእጃችን ያለ መማሪያ ነው፤ መቼ፣ ለየትኛው ልጅ፣ ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ይህ ዕውቀት ሲጎድል ምን እንደሚተካው በየከተማው እናያለን። የአራት ዓመት ሕፃን ደብተሩን በመስመር በመስመር ይሞላል፤ ጣቶቹ ሳይጠነክሩ የቤት ሥራ ይዞ ይገባል፤ ወላጅም ደብተሩ ስለ ሞላ ልጁ የተማረ ይመስለዋል። ሀ ሁ ሳይለይ የእንግሊዝኛ ፊደል በዜማ ይሸመድዳል። ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ የሚገኘው የአምባሰል ምድር ከአራቱ ዋና ዋና የአገራችን ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን የሰጠ ነው። በዚያ ቅኝት ምድር የተወለደ ሕፃን ትርጉሙን የማያውቀውን የባዕድ መዝሙር ብቻ እያንጎራጎረ ቢያድግ ጥፋቱ የሕፃኑ አይደለም። እንግሊዝኛን የምንቃወም አይደለንም፤ ጊዜው ሲደርስ ይማረዋል።

ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሩብል እ.ኤ.አ. በ1840 ለዓለም ያበረከተው ስም «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ስሙን ሲያነሣ፣ ሰውየው በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ጉልበቱን ያፈሰሰው ሴት መምህራንን በማሠልጠን ላይ መሆኑን ይዘነጋል። የአትክልት ቦታ ያለ አትክልተኛ ምን እንደሚሆን ገብቶት ነበርና። የሶቪየቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪም ሕፃን ብቻውን ከሚችለው ይልቅ በበሰለ ሰው እገዛ የሚችለው እንደሚልቅ፣ ዛሬ በእገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን እንደሚሠራው አስረድቷል። እኛ የምንጨምረው ይህ ሕግ ለመምህርቷም የሚሠራ መሆኑን ነው። አምሳ ሕፃን ተሰጥቷት በሩ የተዘጋባት ወጣት ከምትችለው በላይ አትሄድም። በሳምንት አንድ ቀን ልምድ ያላት ባልደረባ አጠገቧ ቆማ የሠራችውን ብትመለከትላትና ከክፍል በኋላ ብትወያያት ግን በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ሰው ትሆናለች።

ለዚህ የሚሆን መዋቅር የለም ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ በትምህርት ቤቶች ቋንቋ «ተሙማ» የሚባለው፣ አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በሙያው ላይ እንዲሠለጥን ያዝዛል። አዲስ መምህር በነባር መምህር እንዲታገዝም ያዝዛል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኝ የጉድኝት ማዕከል አለ፤ ሱፐርቫይዘር አለ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለሐይቅ ሰው ደሴ ላይ አለለት። ችግሩ በሁለት ነገር ላይ ይታያል። አንደኛው፣ ተሙማ በብዙ ቦታ ፖርትፎሊዮ ወደ መሙላት መለወጡ ነው፤ ወረቀቱ ይደራጃል፣ ክፍሉ ግን እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ ዕቅዱ ሲወጣ የአንደኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ያሉት መምህራን ይታሰቡና የዜሮ ክፍልና የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት መዘንጋቷ ነው። በኮንትራት የተቀጠረችውማ ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ውጭ ናት። የሠለጠነችውም ብትሆን የተሻለ ደመወዝና ዕድገት ፍለጋ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች። እንግዲህ የደመወዝና የሙያ ዕድገት መሰላሉን ሳያስተካክሉ ሥልጠና መስጠት በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛውን የሁለት ዓመት ትምህርት ሲያደርገው፣ የሚያስፈልገውም የሰው ኃይል በዚያው ልክ ጨምሯል።

ነገሩ ሠራተኛውንም በቀጥታ የሚነካ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሌላው ፋብሪካ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በወጣት ሴቶች እጅ ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ ከማን ጋር ይውላል? ማቆያ ቢኖርስ ሞግዚቷ ምን ታውቃለች? ሠራተኛ ማኅበራት ስለ ምሳና ስለ ትራንስፖርት አበል ሲደራደሩ የዚህችን ሞግዚት ሥልጠና በድርድሩ ውስጥ ቢያስገቡ ከአባሎቻቸው ጥቅም አንዳች አያጎድሉም።

ከሁሉም በላይ ግን ለወሎ ምድር የተለየ ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ሸሹ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ያኔ የታዘለው ሕፃን ዕድሜው ለትምህርት ደርሶ ክፍል ገብቷል። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል የማይናገር፣ ከእናቱ ሲለይ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሰነፍም ባለጌም አይደለም። ይህን ለይታ የምታውቅ፣ ልጁን በጨዋታና በተረት ቀስ በቀስ የምትመልስ፣ ከአቅሟ በላይ ሲሆንም ወደ ጤና ጣቢያ የምታስተላልፍ መምህርት በአንድ ሳምንት ሥልጠና አትገኝም። ባልገባት መምህርት እጅ ግን ይኸው ልጅ ጥግ ይቀመጣል፣ ይገረፋል፣ በመጨረሻም ይቀራል።

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ለደመወዙና ለኮሌጁ ሥልጠና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ያም የመንግሥት ኃላፊነት ስለሆነ ነዋሪው ከመዋጮው ሊሸፍነው አይገባም። ነገር ግን ነዋሪው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። በወር ሁለት ከሰዓት በኋላ የጉድኝቱ መምህራን ተሰብስበው እንዲወያዩ ልጆቹን ተራ ገብቶ መጠበቅ ይቻላል። ተረት የሚያውቁ ባልቴቶችንና ሽማግሌዎችን ወደ ክፍል መጋበዝ ይቻላል። በክረምት ደሴ ወርዳ የምትማር መምህርት የመጓጓዣ ወጪዋ እንዲቻል ከዕድሩ ወይም ከማኅበሩ ጋር መነጋገር፣ እርሷም ተምራ ስትመለስ ለተወሰኑ ዓመታት በሰፈሯ እንድታገለግል መዋዋል ይቻላል።

ለሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አጀንዳ ሲያዝ ከቆርቆሮውና ከአጥሩ በፊት የሚከተለው ይያዝልን፦ የመዋዕለ ሕፃናታችንና የዜሮ ክፍላችን መምህራን ባለፈው ዓመት ከ60ው ሰዓት ስንቱን አገኙ? ማን አሠለጠናቸው? በክፍላቸው ውስጥስ ማን ተገኝቶ ተመለከታቸው? ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ፖርትፎሊዮውን ይዘው ሳይሆን መምህራኑን ራሳቸውን ይዘው ይቅረቡና በነዋሪው ፊት ይመልሱ።