ካሜራው ለምን ይሰቀላል?

አንባቢ ሆይ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳና ፔሊካን ፎቶግራፍ ማንሣት የለመድህ ብትሆንና ኑሮህ ወደ ሁሩሙ ቢዛወር፣ በመጀመሪያው ወር ካሜራህን ግድግዳ ላይ ትሰቅለው ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። በኢሉባቦር የቡና ደን ግን ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፤ ወፉም በድምፁ ይታወቃል እንጂ በቀላሉ አይታይም። ይሁን እንጂ ጉድለቱ የአገሩ ሳይሆን የልማዳችን ነው እላለሁ።

በደን ውስጥ ወፍ እያሳደዱ መሮጥ ከንቱ ድካም ነው። ፍሬው የበሰለ ሾላ ፈልግና ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ለፍሬው ይመጣል፤ በቅጠሉ መካከል አረንጓዴነቱ ይሰውረዋል፤ ሲበር ግን የክንፉ ቅላት ቦግ ይላል። በመንቁሩ ላይ ቀንድ መሰል ጉብታ ያለበት ትልቁ ወፍም ከዚያው አይጠፋም። የዚህ ወፍ እንስት በዛፍ ሽንቁር ስትታቀፍ መግቢያው በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱም በጠባብ ስንጥቅ ይመግባታል። ታዲያ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል ወደዚያ ሽንቁር መጠጋትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ወንዱ ፈርቶ ቢቀር እናትና ጫጩት ይራባሉና።

ሁሩሙ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ጥብቅ ሥፍራ ከሚያካትታቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ከፎቶግራፉ ጀርባ ቀኑንና ቦታውን ጻፍ፤ ያ ሾላ አንድ ቀን ቢቆረጥ፣ ማን ማን ይመገብበት እንደ ነበር ያስረዳል። የዝዋይን አባ ኮዳ የሚያነሣ ሰው ሞልቷል፤ ሁሩሙ ያለኸው ግን አንተ ነህ።