እንሰት በጠርሙስ ውስጥ

ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ፎቶ ያዩ ኖርዌጂያን ደንበኞች «ይሄ ዘንባባ ነው?» ይሉኛል። ይመስላል እንጂ አይደለም፤ እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። ክትፎ ስታዙ አብሮ የሚመጣው ቆጮ ከሱ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ዘሩን አስመጥተን ለምን በረንዳ ላይ አንዘራውም?» አለችኝ።

ልጆች፣ የእንሰት ዘር እንደ ጠጠር ጠንካራ ነው። ቶሎ አይበቅልም፣ ቢበቅልም እናቱን ላይመስል ይችላል። ደግሞ እንሰት አንዴ ብቻ አፍርቶ ይሞታል፤ ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ስለሚቆርጠው ዘሩን እምብዛም አያየውም። ወልቂጤ አጠገብ ያሉት አክስቴ የሚያባዙት በሌላ መንገድ ነበር። አሚቾውን መሐሉን ፈልፍለው፣ ፍግና አፈር ሞልተው ይቀብሩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል፣ አንዳንዴ ከ100 በላይ።

ግን አጠውልግ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ አገራችን ውስጥ እንሰት ላይ መገኘቱ በሳይንስ መጽሔት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። መድኃኒት የለውም። በቢላ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ከታመመ አሚቾም ከችግኙ ጋር አብሮ ይወጣል። የአክስቴ ጓሮ በሁለት ዓመት ባዶ ቀረ። ስልክ ላይ ሲያለቅሱ እኔ እዚህ ኦስሎ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች እንሰትን ቤተ ሙከራ ያስገቡት። ጤነኛ ተክል ይመርጡና የእምቡጡን ጫፍ፣ ሚሊ ሜትሮች ብቻ፣ ቆርጠው በበረኪና ያጥባሉ። ከዚያ ስኳር፣ ማዕድንና የእድገት ሆርሞን ያለበት ጄሊ ላይ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጡታል። ችግሩ የተቆረጠ እንሰት ይጠቁራል፣ ልክ እንደ አቮካዶ! እኛ ወጥ ቤት ሎሚ እንጨምቅበታለን፤ እነሱ ቫይታሚን ሲ ወይም የከሰል ዱቄት ይጠቀማሉ። የበቀለውን እየከፋፈሉ ያበዙታል። ከጠርሙስ ሲወጣ ግን እርጥበት የለመደ ስለሆነ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቀስ በቀስ ነው አየር የሚለምደው። (የኛ የመጀመሪያው ክረምት ትዝ አላችሁ?)

ንጹህ ችግኝ ማለት ግን በሽታ የማይዘው ማለት አይደለም። ቢላው በእሳት ካልተለበለበ እንደገና ይታመማል።

አክስቴ ለጊዜው በቆሎ ዘርተዋል፤ የታመመ መሬት ትንሽ ከእንሰት ማረፍ አለበት። ስለ ጠርሙሱ ስነግራቸው «እዚያ ውስጥ ማን ያጠጣዋል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉና «ዋጋው ስንት ነው?» አሉኝ።