«አሰልጣኙ ይባረር!»፦ የአምስት ጨዋታ ማስረጃ ምን ያህል ይመዝናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ተራራ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ከወረደ በኋላ የይፋትን ቆላ ይዞ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህች ሞቃት ከተማ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይባቸው ቤቶች ከጨዋታው ይልቅ ዕድሜ ያለው ክርክሩ ነው። ጨዋታው በዘጠና ደቂቃ ያልቃል፤ ክርክሩ ግን በማግሥቱ በሽንኩርት ማሳው፣ በባጃጅ ተራውና በቡና ቤቱ ይቀጥላል። ርእሱም ከሳምንት ሳምንት እምብዛም አይለወጥም፦ ቡድናችን እየተሸነፈ ነው፤ አሰልጣኙ ይባረር ወይስ ይቆይ?

ነገሩን እንደ ተራ የመዝናኛ ወሬ ቆጥሮ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ ተሸፍኖ ስላገኘነው በዚህ መጽሔት ልናነሣው ወደድን። ጥያቄውም አንድ ነገር ሲለወጥ አይተን «ምክንያቱን አወቅነው» ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ይበቃል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

እግር ኳስ በጎል ቁጥር የሚፈረድበት ስፖርት ነው፤ ጎል ደግሞ ብርቅ ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሁለቱም ቡድኖች ተደምረው በአንድ ጨዋታ የሚያስቆጥሩት በአማካይ ሦስት ጎል እንኳ አይሞላም። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርን በጋይገር ቆጣሪ የሚለካ ተማሪ ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ምንም ነገር ሳይለወጥ ቁጥሩ ከደቂቃ ደቂቃ እንደሚዋዥቅ ነው። የመዋዠቁም መጠን በግምት የቁጥሩን ዳግም ዘር ያህል ነው። 10,000 ብንቆጥር መዋዠቁ 100፣ ማለትም ከመቶ አንድ እጅ ነው፤ 9 ብንቆጥር ግን መዋዠቁ 3፣ ማለትም ሢሶው ነው። ጎልም ፍጹም ባይሆን ለዚህ ሕግ በእጅጉ ይቀርባል። እንግዲህ በውድድር ዘመን 50 ጎል የማስቆጠር ብቃት ያለው ቡድን በአንዱ ዓመት 43፣ በሌላው 57 ቢያስቆጥር፣ በዚህ ልዩነት ብቻ አሰልጣኝን መውቀስም ሆነ ማመስገን ከጋይገር ቆጣሪው ጋር እንደ መጣላት ነው።

አሁን አንድ መካከለኛ ቡድን እናስብ። በእያንዳንዱ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 40 በመቶ ነው እንበል። ተጫዋቾቹም፣ አሰልጣኙም፣ ብቃቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ናቸው። አስቀድመን የመረጥናቸውን አምስት ተከታታይ ጨዋታዎች ሁሉ ሳያሸንፍ የመቅረት ዕድሉን ለማግኘት 0.6ን አምስት ጊዜ እናባዛለን፤ ወደ 8 በመቶ ይሆናል። ትንሽ ነው፤ ደጋፊውም «ይህማ በአጋጣሚ አይሆንም» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ደጋፊው አስቀድሞ የተመረጡ አምስት ጨዋታዎችን አይደለም የሚመለከተው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቅ ቆይቶ ክፉው ጊዜ በመጣ ዕለት ነው ድምፁን የሚያሰማው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ 38 ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ አምስት ጨዋታ ያለ ድል የመዝለቅ ዕድሉ ስንት ነው የሚለው ነው። ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ስንሠራው 74 በመቶ ገደማ እናገኛለን። የውድድር ዘመኑ 30 ጨዋታ ብቻ ቢኖረውም 64 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት አሰልጣኙን «ይባረር» የሚያሰኝ ወቅት የማይገጥመው መካከለኛ ቡድን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ይበልጥ አታላይ ነው። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1886 ባሳተመው ጥናት እጅግ ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው አጠር እንደሚሉ፣ የእጅግ አጫጭሮቹም ልጆች በአማካይ ረዘም እንደሚሉ አሳየ። ይህ ወደ አማካይ የመመለስ ጠባይ በቁመት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከፊሉ ብቃት፣ ከፊሉ አጋጣሚ የሆነ ውጤት ሁሉ ከከፋበት ቦታ ተነሥቶ ሲታይ ቀጥሎ የሚሻለው ይበዛል። አሰልጣኝ የሚባረረው ደግሞ ውጤቱ እጅግ በከፋበት ሳምንት ነው። አዲሱ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ውጤቱ መሻሻሉ አይቀርም ነበር። እኛ ግን አዲሱን ሰው ስለምናይ ምስጋናውን ለእርሱ እንሰጣለን።

የይፋት ቆላ ገበሬ ይህን ወጥመድ የሚያመልጥበት ዘዴ አለው። ማሽላው ወይም ማሾው በአንድ ዓመት ሲከዳው ዘሩን ከመርገሙ በፊት ከድንበሩ ባሻገር የጎረቤቱን ማሳ ያያል። ዘር ያልለወጠው ጎረቤትም እንደ እርሱ ካጣ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። በተከታዩ ዓመት አዲስ ዘር ዘርቶ ምርቱ ቢያምር፣ አሮጌውን ዘር የዘራው ጎረቤትም እኩል ካገኘ አዲሱ ዘር የሚመሰገንበት ምክንያት የለም። ተመራማሪዎች የማነጻጸሪያ ቡድን የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ገበሬው ስም አላወጣለትም እንጂ ይሠራበታል።

የኔዘርላንድስ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባስ ተር ዌልም የጎረቤትን ማሳ ተመልክቷል። በ2011 ባሳተመው ጥናት ከ1986 እስከ 2004 የነበረውን የአገሩን ከፍተኛ ሊግ መረጃ ወስዶ፣ ውጤታቸው አሽቆልቁሎ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን በተመሳሳይ መጠን አሽቆልቁለው አሰልጣኛቸውን ካቆዩ ክለቦች ጋር አነጻጸረ። ያባረሩት አገገሙ፤ ያላባረሩትም አገገሙ። ማባረሩ የጨመረው የሚታይ ጥቅም አልነበረም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመታት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሰው በናይጄሪያ ተሸነፉ። በ2014 መጀመሪያ በቻን ውድድር ብሔራዊ ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም ያለ ጎል ተሸነፈና ተሰናበቱ። በእርሳቸው ቦታ የተተኩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ እስከ 2015 ብቻ ቆዩ። ቀጥለው የመጡት አሰልጣኝ ዮሐንስ ሳህሌ ሲሆኑ፣ በእርሳቸው ጊዜ የሆነው ነገር ለክፍል ትምህርት ታስቦ የተዘጋጀ ይመስላል።

በመጋቢት 2016 ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከአልጄሪያ ጋር ከሜዳዋ ውጪ ተጫውታ 7 ለ 1 ተሸነፈች። ሐዘኑን የምናስታውሰው ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአዲስ አበባ በተደረገው የመልስ ጨዋታ 3 ለ 3 ተለያዩ፤ ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ ተሰናበቱ። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ተተክተው ሌሶቶን ከሜዳ ውጪ 2 ለ 1፣ ሲሼልስን በሜዳችን 2 ለ 1 አሸነፉ። ከሰባት ጎል ሽንፈት ወደ ሁለት ተከታታይ ድል! በማንኛውም ቡና ቤት ይህ ማባረሩ ትክክል እንደነበረ ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል።

ይሁንና ማጣሪያው ደርሶ መልስ ስለነበረ የጎረቤቱን ማሳ ማየት እንችላለን። በአሰልጣኝ ዮሐንስ ዘመን ኢትዮጵያ ከእነዚሁ ሁለት ቡድኖች ጋር ተጫውታ ነበር፤ ሌሶቶን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ከሲሼልስ ጋር ከሜዳዋ ውጪ 1 ለ 1 ተለያየች። በአንዱ ተጋጣሚ ላይ ውጤቱ እስከ ጎሉ ቁጥር አንድ ነው፤ በሌላው ላይ ያለው ልዩነት አንዲት ጎል ናት፤ ያውም ሜዳው ተቀይሮ። በእኛ ግምት በብዛት የተለወጠው ተጋጣሚው ነው። አልጄሪያ ሄዳ ሌሶቶና ሲሼልስ መጡ። ይህን ስንል አንዱን አሰልጣኝ ከሌላው ለማስበለጥ አይደለም፤ በሁለትና በሦስት ጨዋታ ማበላለጡ አይቻልም ለማለት እንጂ።

ከቆላው ተከራካሪዎች መካከል የቼልሲ ደጋፊ የሆነ ሰው እዚህ ላይ እጁን እንደሚያነሣ እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ቪላስ ቦአስ ተባርሮ ዲ ማቴዎ ተተካ፤ በግንቦት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ተነሣ። በጥር 2021 ላምፓርድ ተባርሮ ቱኸል መጣ፤ በግንቦት ዋንጫው ዳግመኛ ተነሣ። እውነት ነው፤ በተለይ በቱኸል ጊዜ የመከላከሉ አደረጃጀት ወዲያውኑ ሲለወጥ በዓይን ታይቷልና ሁሉን ለአጋጣሚ መስጠት አንችልም። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ደግሞ በተቃራኒው ይመሰክራል። ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ ከወጡ በኋላ ሞየስ በ2014፣ ቫን ኻል በ2016፣ ሞሪንሆ በ2018፣ ሶልሻየር በ2021፣ ቴን ኻግ በ2024 ተሰናበቱ፤ እስከ 2025 ድረስም የሊጉ ዋንጫ ወደ ኦልድ ትራፎርድ አልተመለሰም። የአርሰናሉ ወዳጃችን በበኩሉ አርቴታ በ2020 የገና ሰሞን በ15ኛ ደረጃ ላይ ሳለ ቢባረር ኖሮ በ2023፣ በ2024ና በ2025 በተከታታይ ሁለተኛ መውጣት ከየት ይመጣ ነበር ይለናል። የአርሰናሉ ምሳሌ ወደ እኛ አሳብ ያደላል፤ ቢሆንም ልንመረኮዘው አንወድም። ታግሠው የተጠቀሙትን ብቻ ቆጥረን ታግሠው የወረዱትን ብንረሳ ከቼልሲው ደጋፊ በምን እንሻላለን? የነጠላ ታሪክ ክምር፣ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ የማነጻጸሪያ ቡድንን አይተካም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? በአገራችን ብዙ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው፤ አሰልጣኝ በተባረረ ቁጥር የሚከፈለው ካሳና የአዲሱ ሰው ደመወዝ ከሕዝብ ካዝና ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን የአስተሳሰቡ ከሜዳ መውጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። የአገሩ ቁጥር ትልቅ ስለሆነ አይዋዥቅም፤ ችግሩም የእውነት ነው። ነገር ግን 300 ተማሪ የሚያስፈትን አንድ የቆላ ትምህርት ቤት በዚህ መጠን 10 ያህል ተማሪ ያሳልፋል ተብሎ ይጠበቃል፤ መዋዠቁም 3 ያህል ነው። ዘንድሮ 7፣ ለከርሞ 13 ቢያሳልፍ የትምህርት ቤቱ ጥራት በእጥፍ አደገ ማለት አይደለም፤ ነገሩ ቢገለበጥም ርእሰ መምህሩ የሚነሡበት ምክንያት አይሆንም። እንዲህ ባለ ቁጥር ተገምግሞ ከቦታው የሚነሣ ሰው ቤተሰብ ያለው ሰው ነው።

አሰልጣኝ ፈጽሞ አይነካ ማለታችን አይደለም። ልምምድ የማይመራ፣ ተጫዋቾቹ የማይሰሙት፣ ወጣት የማያሳድግ አሰልጣኝ አለ፤ ለዚህ ደግሞ የደረጃ ሰንጠረዥ መጠበቅ አያስፈልግም። ውጤትን መመዘን የግድ ከሆነም ከጎል ይልቅ የጎል ዕድሎችን መቁጠር ይሻላል፤ ቁጥሩ ሲበዛ መዋዠቁ በንጽጽር ያንሳልና። በአንድ ጨዋታ አሥራ ሁለት ጊዜ ወደ ጎል እየሞከረ የሚሸነፍ ቡድንና ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክሮ የሚሸነፍ ቡድን አንድ አይደሉም። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያሻም፤ በሸዋ ሮቢት ሜዳ ዳር እርሳስና ደብተር ይዞ የሚቀመጥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይበቃል። የክለቡ አመራርም አሰልጣኙን በምን መለኪያ፣ ከስንት ጨዋታ በኋላ፣ ከእነማን ጋር አነጻጽሮ እንደሚገመግመው ስሜቱ ሳይግል ይጻፍ፤ ወረቀቱም ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተፈርሞ በክለቡ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።