በጠባብ ቤት ትልቅ መርከብ

ማታ ከሥራ ደክመው ወደ ቤትዎ ሲገቡ ራት የሚቀርብበት ጠረጴዛ በተገጣጣሚ የአሻንጉሊት ጡቦች ተሸፍኖ ቢያገኙት ምን ያደርጋሉ? ጠረጴዛው አንድ ነው፤ ራትም መበላት አለበት። ስለዚህ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የደከሙበት ሥራ ይፈርስና ጡቡ ተጠራርጎ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ እርስዎም ይቆጣሉ። ለዚህ የየዕለት ጭቅጭቅ መላ የሚሆን አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የጭነት መርከብን በክፍል በክፍል መሥራት ነው።

ዘዴው የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። እውነተኞቹ ታላላቅ መርከቦችም አካላቸው በየክፍሉ ተሠርቶ፣ በክሬን ተነሥቶ ከተገጠመ በኋላ በብየዳ የሚያያዝ ነው። ወገቡ ላይ ተቆርጦና አዲስ ክፍል ተጨምሮበት እንዲረዝም የሚደረግ መርከብም አለ።

ለዚህ ሲባል አዲስ ጡብ መግዛት የግድ አይደለም። የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል፤ ከታላላቆች ወደ ታናናሾች የተላለፈው አሮጌ ጡብ በደንብ ያገለግላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሜርስክ መርከብ አምሳያ 1,516 ቁርጥራጮች ነበሩት። የእኛው መርከብ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

ዋናው ነገር ልክ ነው። ሥራው ሳይጀመር ልጆቹን ሰብስበው ስፋቱንና ከፍታውን ያስወስኑ። ስፋቱ በጡቡ አናት ላይ በሚታዩት ክብ ጉብታዎች ሲቆጠር 8 ይሁን እንበል፤ ይህም 6.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው 3 ጡብ ይሁን። ውሳኔውን ወረቀት ላይ አስጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ከዚያ በኋላ ሥራውን ያከፋፍሉ። የመርከብ አዛዡ ክፍልና የጭስ መውጫው የሚቆሙበት የኋላው ክፍል ይከብዳልና ለታላቅየዋ ይሰጣት። እየጠበበ የሚሄደውን አፍንጫ ተከታይዋ ትሥራው። መካከለኛው ክፍል ሣጥን ብቻ ስለሆነ ለታናሽየው አይከብደውም፤ ጡብ ከተረፈ ሁለትና ሦስት አድርጎ ይሥራ፤ መርከቡም በዚያው መጠን ይረዝማል። አንዱ 8፣ ሌላው 7 ጉብታ አድርጎ ከመጣ ግን ክፍሎቹ አይገጥሙም፤ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይከተላል። እርስዎ ዳኛ አይሁኑ፤ ወረቀቱን ያሳዩአቸውና ራሳቸው ይቁጠሩ።

ስለ አጋጠሙ ግንበኛን መመልከት ይበቃል። ግንበኛ የላይኛውን ብሎኬት የሚያሳርፈው በታችኞቹ ሁለት ብሎኬቶች መጋጠሚያ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳም እንዲሁ ይሠራ። ሁለት ክፍሎች በሚገናኙበት ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ቁራጮች እንደ ድልድይ ከላይ ይጫኑ። ራት ሲደርስ እነዚህን ብቻ ማንሣት ነው፤ መርከቡ ሳይፈርስ በየክፍሉ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ጭነቱ ነው። ኮንቴይነርን የከተማ ልጅ በይበልጥ የሚያውቀው ሱቅ ሆኖ በመንገድ ዳር ቆሞ ነው። ከዚያ በፊት ዕቃ ይዞ ባሕር ያቋረጠ፣ ከጂቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1956 አይዲያል ኤክስ የተባለው መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ወሰደ፤ ኮንቴይነር ከመስፋፋቱ በፊት ጆንያውና ሣጥኑ አንድ በአንድ እየተቆጠረ ይጫን ነበር። ዛሬ የተለመዱት ባለ 20 እና ባለ 40 ጫማ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት አጭር ጡቦች ጫፍና ጫፍ ሲገጥሙ አንድ ረጅም ኮንቴይነር ይሆናሉ።

ጡብ ካነሰ ክብሪቱ የተራገፈ የክብሪት ቀፎ ይተካል፤ እንዲያውም ይሻላል። አንዳንዱን ቀፎ ጠጠር ይሙሉበት፤ ሌላውን ባዶ ይተዉት። ልጁ መጀመሪያ ከባዱን ከላይ ይጫንና መርከቡን ዘንበል ያድርግ። ቀጥሎም ከባዱን ከታች አድርጎ ይሞክር። እውነተኛውም መርከብ ሲጫን ከባዱ ወደ ታች የሚደረገው ለምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያየዋል።

መርከቡ ወለል ላይ ይጓዝ እንጂ ሳፋ ውስጥ አይግባ፤ በጡቦቹ መጋጠሚያ ውኃ ገብቶ ያሰጥመዋል። በቤትዎ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለም ጠጠሩና ትንንሹ ቁራጭ ሊያንቀው ይችላልና ሥራው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሲያበቃም ምንጣፉን በእጅዎ ዳበስ አድርገው የወደቀውን ይልቀሙ።