«በእጅ የተሠራ» ከተባለ፣ ባለ እጁም ይጠራ!



የቻይና የሻይ ስኒ በየሱቁ ሲሸጥ «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። የሎተስ አበባ ወይም መጨረሻ የሌለው ቋጠሮ ከተሣለበት ደግሞ «የቡድሃ ምልክት ያለበት፣ ሰላምን የሚሰጥ» ይባልና ዋጋው ከፍ ይላል። እኛም እንጠይቃለን፦ በማን እጅ? እጁ እንዲህ ከተመሰገነ፣ የእጁ ባለቤት ለምን ይደበቃል?

ምልክቶቹ እንዲያው ጌጥ አይደሉም። ሎተስ ከጭቃ ውስጥ በቅሎ ሳይቆሽሽ የሚወጣ አበባ በመሆኑ በቡድሃ ሃይማኖት የንጽሕና ምልክት ነው። ሻይም ቢሆን ከገዳም ሕይወት ጋር የቆየ ግንኙነት አለው፤ መነኰሳቱ ለተመስጦ ሲቀመጡ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። በሶንግ ነገሥታት ዘመን (960–1279) በጂጆው የነበሩ ሠሪዎች እውነተኛ ቅጠል በጥቁር ስኒ ውስጥ አድርገው ይተኩሱ ነበር። ቅጠሉ ይነድና መልኩ ከነጅማቱ በስኒው ላይ ታትሞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሥራ ስም የለሽ ሸቀጥ አድርጎ መሸጥ አበባውን እያመሰገኑ ጭቃውን መናቅ ነው።

ነጋዴዎች «አንድ ጥበበኛ ብቻውን ሠራው» ማለትንም ይወዳሉ። ይህ ተረት ነው። በሸክላ ሥራዋ ዝነኛ በሆነችው በጂንግደጀን ከተማ ሥራው ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለ ነው። ሶንግ ይንግሺንግ የተባለው ሊቅ በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ስኒ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ72 እጅ እንደሚያልፍ ጽፏል። አንዱ ጭቃውን ያቦካል፤ አንዱ ቅርጽ ያወጣል፤ አንዱ መስመሩን ይሥላል፤ ሌላው ቀለሙን ይሞላል፤ ሌላው እሳቱን ይጠብቃል። እንግዲህ አንዱን ብቻ የሚያነግሥ ወሬ 71ዱን ይሰርዛል ማለት ነው።

በደሉ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሚንግ ነገሥታት ምድጃ የተሠራ ስኒ ሲገለበጥ ከሥሩ የንጉሡ ዘመን ስም ይነበባል፤ የሠሪዎቹ ግን የለም። በቼንግኋ ዘመን (1465–1487) የተሠራ፣ ዶሮዎች የተሣሉበት አንድ ትንሽ ስኒ በ2014 ሆንግ ኮንግ ላይ በ36 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሽጧል። የገዢው ስም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ዶሮዎቹን የሣለው ማን ነበር? የሚያውቅ የለም።

«የቻይና ስኒ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በመጀመሪያ፣ ቡናችንን የምንጠጣበት «ስኒ» ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ «የቻይና» ማለት ነው። ከዚህም በላይ ነገሩን በራሳችን ቤት እናውቀዋለን። እናቶቻችን በጎንደር አጠገብ በወለቃ ጭቃ አቡክተው ጀበናና ምስል ሲሠሩ፣ ስለ እጃቸው ሥራ «ቡዳ» ተብለው ተሰድበዋል። የዳዊት ኮከብ ያለባቸው ምስሎቻቸው ግን ለአገር ጎብኚ ተሸጡ፤ ባሕር ተሻግረውም በመደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ከገዢዎቹ ስንቱ የሠሪዋን ስም ጠየቀ? ሥራው ተወድዶ ሠሪው ሲናቅ ምን እንደሚመስል ከእኛ ይልቅ ማን ሊናገር ይችላል?

ርካሹን ስኒ የሚገዛውን ሰው አንነቅፍም። በማሽን የተሠራና ሥዕሉ የታተመበት ስኒ ሻይ ያጠጣል፤ ነውርም የለበትም። ነውሩ «በእጅ የተሣለ» ብሎ መሸጡ ነው። ሁለት ስኒዎችን ጎን ለጎን አቁሙና ተመልከቱ፤ አበባው በሁለቱም ላይ ነጥብ ሳይለይ አንድ ከሆነ፣ ያ የማተሚያ ሥራ እንጂ የብሩሽ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ «በእጅ የተሠራ» ለሚላችሁ ነጋዴ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የት ተሠራ? እነማን ሠሩት? ከዋጋው ለእነርሱ ምን ደረሳቸው? መልስ ከሌለው፣ ለእጅ ሥራ የሚጠይቀውን ጭማሪ አትክፈሉት። የእጅን ሥራ የሚያመሰግን ሁሉ ባለ እጁን ማክበር አለበት።