ስማቸው ይጻፍ፤ መንግሥታቸው አይጠየቅ



እንደሚታወሰው፣ ከሰፈራችን ከላንቻና ከአካባቢው ወጥተው በጦር ሜዳ ለቀሩ ልጆች የመታሰቢያ ሰሌዳ ይተከል የሚለው ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ ብዙ አከራክሯል። ሰሌዳውን የተቃወመ የለም። ጭቅጭቁ የመጣው «የማን ወታደር ይጻፍ?» ሲባል ነው። አንዱ የንጉሡ ይቅር፣ ሌላው የደርግ ይቅር፣ ሦስተኛው ደግሞ የቅርብ ጊዜው ነገር ገና ቁስል ነው አይነካ አለ። ሁሉም የፈለገው ቢፈጸም ሰሌዳው ባዶውን ሊተከል ነበር።

የዚህ ገጽ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁሉም ይጻፉ።

ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት በታላቅ ክብር ተሸኝቷል። ስሙም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ጦርነቱ እስኪቆም 121 ሰው ሞቶበት፣ ከ500 በላይ ቆስሎበት፣ አንድም ሰው ሳይማረክበት ግዳጁን ፈጸመ። የወደቁትም አጽማቸው አገሩ ገባ። ታዲያ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ፣ በኋላም ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲጠብቅ፣ እነዚያው ዘማቾች ስለ ዘመቻቸው አፋቸውን ሞልተው የማይናገሩ ሰዎች ሆኑ።

በቸርችል ጎዳና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር በ1977 ዓ.ም. ተመረቀ። መታሰቢያነቱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ነው። በሥራው ያገዙት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ። የአንዱ ዘመን ሙት ሐውልት ሲቆምለት የሌላው ዘመን ሙት ስሙ አይነሣም ማለት ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያም መንግሥት ሲወድቅ የሐውልቱ ግቢ ችላ ተባለ። ካራማራ ላይ የተዋጋው ሰው በአንድ ቀን «የደርግ ወታደር» ሆነ፤ ቃሉ ስድብ ነበር። የወታደር ልብስ የለበሰ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ ሣጥን የገባበት ቤት ብዙ ነው።

ሟቹ ግን ያው አንድ ሰው ነው። አንዱ ወዶ፣ አንዱ ለእንጀራው፣ አንዱም በብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሄደ። እናቱ ያለቀሰችው ለልጇ እንጂ ለመንግሥት አይደለም።

ለነገሩ ሰፈራችን የጣሊያን መኪና ስም ተሸክሞ ይህን ያህል ዘመን ሲኖር «ይህ ስም በማን ጊዜ መጣ?» ብሎ ስብሰባ የረበሸ ሰው አላየንም።

ምልክቶቹ ምን ማለት እንደሆኑም ማሰብ ይገባል። ጉንጉን አበባው፣ ዝቅ ብሎ የሚውለበለበው ሰንደቅ ዓላማ፣ የህሊና ጸሎቱ ሁሉ የሌለውን ሰው ቦታ የሚይዙ ናቸው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የጦረኛው አስከሬን ባይመጣ እንኳ ልብሱንና ጠመንጃውን ይዘው፣ ፈረሱን ጭነው፣ በፈረሱ ስም እየጠሩ ያለቅሱለት ነበር። እንግሊዞች በየኅዳሩ ደረታቸው ላይ የሚሰኩት ቀይ የወረቀት አበባም ከ1921 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ እየተሸጠ ገንዘቡ ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መርጃ ይውላል። ይህ ደስ ይላል፤ አበባው ደርቆ አይጣልማ።

ከምልክት ሁሉ የሚቀድመው ግን መርዶ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት በየወገኑ ስንት ቤት በር በሩን እያየ ከረመ! በትግራይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለቤተሰቦች መርዶ ሲነገር፣ ብዙ እናት ማልቀስ የተፈቀደላት ያን ጊዜ ነው። ልጇ ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ የምትኖር እናት በእኛም ሰፈር ብትኖር ሐዘኗ ከዚያ አይለይም። «አስከሬን ካልመጣ ድንኳን አይተከልም፣ ገንዘብም አይከፈልም» የሚል ደንብ ያለው እድር ካለ ደንቡን ያሻሽል። የጦር ሠራዊት ጡሩምባ ባይነፋለት የእድሩ ጡሩምባ ይነፋለት እንጂ! ምነው፣ ይህ ከባድ ነው እንዴ?

ስለ ሰሌዳው የምናቀርበው ሐሳብ እነሆ። ማዕረግ አይጻፍ፤ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም በፊደል ተራ ይቀመጡ። መስቀልም ጨረቃም አይደረግበት፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ አብሮ ወድቋልና። መፈክርም አያስፈልግም። ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ ከታወቀም የወደቀበት ቦታ ይበቃል። በስም መሰብሰቢያው ቅጽ ላይ «በየትኛው መንግሥት ዘመን» የሚለው ዓምድ ይሰረዝ።

ስም የምታስመዘግቡ ቤተሰቦች ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስትመጡ የፎቶግራፉን ኮፒ ብቻ ያዙ። ዋናው ከቤት አይውጣ፤ ግድግዳው ላይ ይመለስ።